የግቢው ሸንጎ

ከኢጣሊያ ወረራ ነፃ ከወጣን ዐሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአራት ኪሎ በተከፈተ ጊዜ፣ መሪነቱን የተረከቡት ካናዳዊው ዶክተር ሉስየን ማት ነበሩ። እሳቸውም የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ሲሆኑ፣ ቀድሞ ከማኅበር ወንድሞቻቸው ጋር የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን እንዲያስተዳድሩ ንጉሠ ነገሥቱ በጠሯቸው ጊዜ ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ ተስማምተው የመጡ ስለ ነበሩ፣ የክህነት ልብሳቸውን ትተው እንደ ማናቸውም የውጭ አገር መምህር ለብሰው ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቹ ጥቂቶች ነበሩ፤ በአንድ ቅጥር ያድራሉ፣ በአንድ ማዕድ ይበላሉ፣ ከራት በኋላም ስለ አገራቸውና ስለ ዓለም የሰሙትን እያነሡ እስከ እኩለ ሌሊት ይጨቃጨቃሉ። በኋላ ዘመን የመንግሥት ዙፋን እስኪነቀነቅ ድረስ ድምፁ የተሰማው የዩኒቨርሲቲ ሸንጎ የተጠነሰሰው በዚያ በመኝታ ቤትና በምግብ አዳራሽ ወሬ ነው።

ከየአውራጃው ተመርጠው የመጡት እነዚያ ወጣቶች ጉባኤ ምን እንደ ሆነ ከፈረንጅ የተማሩ አልነበሩም። በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፈው፣ በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ ፊት ቆሞ ቅኔውን ሲነግር፣ ስሕተቱም በጉባኤው ፊት ሲነቀፍና ሲታረም፣ በመጻሕፍት ቤትም ለአንዱ ንባብ ሁለትና ሦስት ትርጓሜ አንዱ ሌላውን ሳይሽረው ጎን ለጎን ሲቆም እያየ ያደገ ነበረ። ከምሥራቅ ሸዋ፣ ከአዋሽ ዳር የመጣው ደግሞ፣ ሽማግሎች በኦዳ ዛፍ ጥላ ሥር ጨፌ ለሚባለው ጉባኤ ተቀምጠው ሕግ እንደሚያወጡና ጠብ እንደሚያበርዱ ከአባቶቹ ሰምቷል፤ በዱከም አጠገብ ያለው ኦዳ ነቤ የዚሁ ሥርዓት ጥንታዊ መቀመጫ ነው። በየመንደሩ የሚሰማውን፣ ተሟጋች ዘንጉን ይዞ ዳኛ ፊት ቆሞ በቃል ብልሃት የሚከራከርበትን ሙግትማ ያላየ አንድም አልነበረም። ይህን ሁሉ ማንሣቴ፣ ያ ትውልድ የመናገር ነፃነትን ከባዕድ መጽሐፍ ብቻ የቀዳ አስመስለው ብዙዎች ስለሚጽፉ፣ ነገሩ ግን እንዲህ እንዳልነበረ ለማመልከት ነው።

ኮሌጁ የተማሪዎች ምክር ቤት፣ የክርክር ክበብና «ዩሲ ኮልስ» የተባለ ጋዜጣ ነበረው፤ ኋላም «ኒውስ ኤንድ ቪውስ» የተባለው ተጨመረ። ይሁን እንጂ ክርክሩም ጋዜጣውም በእንግሊዝኛ ነበር። ተማሪው ስለ ኢትዮጵያ ገበሬ በእንግሊዝኛ ሲሟገት፣ ገበሬው ቀርቶ በር ላይ የቆመው ዘበኛ እንኳ የሚባለውን አያውቅም፤ ይህም ሁኔታ ባለሥልጣኖቹን ለጊዜው ያለ ሥጋት እንዲተኙ ሳያደርጋቸው አልቀረም። ከዚህ አጥር ወጥቶ የሄደው በአማርኛ የተጻፈው ግጥም ነው። በየዓመቱ በሚከበረው የኮሌጅ ቀን ተማሪዎች ግጥማቸውን በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ያነቡ ነበርና፣ በክርክር ክበቡ ሊባል ያልተቻለው ነገር በስንኝ ተጠቅልሎ ወጣ፤ ሕዝብም ሰማው፣ እየተቀባበለም አነበበው።

በ1948 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ሆኑ። የመጀመሪያው፣ ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጽ የንግግርንና የጋዜጣን ነፃነት፣ በ45ኛው አንቀጽ ደግሞ መሣሪያ ሳይዙ በሰላም የመሰብሰብን መብት መስጠቱ ነው፤ ሆኖም ሁለቱም «በሕግ መሠረት» በሚል ልጓም የተያዙ ነበሩ። ሁለተኛው፣ ኢትዮጵያና ኢጣሊያ ስለ ጦርነቱ ካሣ መዋዋላቸው ነው፤ በዚያ ገንዘብም የአዋሽ ወንዝ እዚህ በእኛ በቆቃ ተገደበ። ግድቡ በ1952 ዓ.ም. ተመርቆ አርባ ሦስት ሺህ ኪሎዋት ያህል ኃይል ለማመንጨት በቃ፤ ከብት ይሰማራበት፣ እህል ይዘራበት የነበረውም ሜዳ ሐይቅ ሆነ። ኃይሉ በብረት ምሰሶ ላይ በተዘረጋ ሽቦ ወደ አዲስ አበባ ወጣ፤ ከዚያ ዓመት ወዲህ የዋና ከተማው ተማሪ ማታ የሚያነብበትና የሚሰበሰብበት መብራት ከዚህ ከስምጥ ሸለቆው ውሃ የሚመጣ ሆነ። ይህ ተራ ነገር መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ግድቡ የአዋሽን ጎርፍ ገትቶ ውሃውን ዓመቱን ሙሉ እንዲፈስ ስላደረገ፣ ከታች ያለው ሸለቆ ለሸንኮራና ለጥጥ እርሻ ተፈላጊ ሆኗልና፣ ተማሪው በኋላ የሚጮኽለት የመሬት ጥያቄ ከዚሁ ውሃ ጋር የተያያዘ ነው።

በዚያው ሰሞን ሌላ እንግዳ ወደ ግቢው ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካ ወጣቶች ነፃ የትምህርት ዕድል ስለ ሰጡ፣ ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ ከኬንያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከኡጋንዳና ከሌሎችም አገሮች ተማሪዎች መጡ። እነዚህ ልጆች በቅኝ አገዛዝ ሥር ያደጉ ቢሆኑም፣ በአገራቸው የፖለቲካ ማኅበርና የሠራተኛ ማኅበር፣ ገዥውን የሚነቅፍ ጋዜጣና የምርጫ ክርክር አይተዋል። የሦስት ሺህ ዓመት ነፃነቱን ሲያወሳ የኖረው ኢትዮጵያዊ፣ የቅኝ ተገዥው ጓደኛው ከእርሱ ይልቅ ደፍሮ ሲናገር ባየ ጊዜ እፍረት ተሰማው፤ ያም እፍረት ካነበባቸው መጻሕፍት ሁሉ ይልቅ ልቡን ሳያነሣሣው አልቀረም።

ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ነዋይ መንግሥት ለመገልበጥ በተነሡ ጊዜ፣ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ሙከራውን ደግፈው በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ሰልፍ ወጡ። ሙከራው በጥቂት ቀን ከሸፈ፤ ተማሪዎቹም ምሕረት ለምነው ወደ ትምህርታቸው ተመለሱ። ነገር ግን በምግብ አዳራሽ ሲነገር የኖረው ወሬ አንድ ጊዜ አደባባይ ወጥቶ ነበርና ዳግመኛ ወደ አዳራሹ አልገባም። በዚያው ዓመት በኮሌጁ ቀን ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥሙን አቀረበ። ይህ ግጥም በግቢው ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ የያዘው፣ እስከዚያ ድረስ ተማሪው ስለ ድኻው ሲናገር ኖሮ በዚህ ጊዜ ግን ቃሉን ለድኻው ለራሱ ስለ ሰጠ ነው።

በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን በስድስት ኪሎ ለትምህርት ሰጥተው፣ ቀድሞ ተበታትነው የነበሩት ኮሌጆች በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ስም ተዋሐዱ፤ ልጅ ካሣ ወልደ ማርያምም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት ሆኑ። የንጉሥ እልፍኝ የተማሪ ግቢ ሲሆን ማየት ለዚያ ዘመን ሰው ታላቅ ነገር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን የማደሪያው ሥርዓት ለአብዛኛው ተማሪ ቀረ፤ ከዚህም ውሳኔ በስተጀርባ በአንድ ቅጥር የሚያድር ተማሪ በቀላሉ ይሰበሰባል የሚል ሐሳብ እንደ ነበረ ለመገመት አያስቸግርም። ተማሪው በከተማው ውስጥ ቤት እየተከራየ ተበተነ፤ ተበትኖም የድኻውን መንደር ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ አየ።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ አገር እንዲያገለግል የሚያዝዘው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ። የአገልግሎቱ ወጣቶች በየክፍለ አገሩ ከተማ በመምህርነት ተመደቡ። ያኔ ናዝሬት ትባል በነበረችው በአዳማና በአካባቢዋ ያለው ምድር ለሚያይ ዓይን ብዙ የሚናገር ነበር፤ በወንጂ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር የሚያመርተው የሆላንዶች ኩባንያ፣ በአዋሽ ዳር እየሰፋ የሚሄደው የመስኖ እርሻ፣ የበጋ ግጦሹን ያጣው የከረዩ ከብት አርቢ፣ ከምርቱ ሢሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለ መሬት የሚሰፍረው ጭሰኛ፣ ሁሉም በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ይታያሉ። በክፍለ አገር ያገለገለው ተማሪ ወደ ግቢው ሲመለስ ዓይኑ ያየውን ማስረጃ ይዞ ስለሚመለስ፣ የግቢው ክርክር ክብደት የጨመረው ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስለ ጭሰኛ የቀረበው የሕግ ረቂቅ በፓርላማ ሲጓተት፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማው ተሰለፉ። ከዚህ ሰልፍ ጀምሮ በየዓመቱ ማለት ይቻላል አንድ ጥያቄ ከግቢው አዳራሽ ተነሥቶ ወደ አደባባይ ይወጣ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ለማኞችና ድኾች ከከተማው ተለቅመው በሾላ ሰፈር መታጎራቸው ተሰማና ተማሪዎች ድኽነት ወንጀል ነው ወይ ብለው ጠየቁ። በ1959 ዓ.ም. ሰላማዊ ሰልፍን የሚመለከት ዐዋጅ ሲወጣ፣ ዐዋጁ የሰጠ መስሎ የሚከለክል ነው ብለው ተቃወሙ። ይህ በሆነበት ሰሞን በየኮሌጁ ተከፋፍሎ የነበረው ማኅበር በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድነት ማኅበር ተጠቃለለ፤ ልሳኑም «ትግል» ተባለ። የማኅበሩ ጉባኤዎች በስድስት ኪሎ ክሪስማስ በተባለው አዳራሽና በአራት ኪሎ ግቢ ይደረጉ ነበር፤ ስለ ቬትናም፣ ስለ ደቡብ አፍሪካ፣ ስለ ኮንጎው ሉሙምባ፣ ከሁሉም በላይ ስለ መሬት፣ ቀንም ሌሊትም ይነገር ነበር።

በዚህ ሸንጎ ላይ ፍርድ ስሰጥ ሁለት ነገር እለያለሁ። ድፍረቱና ለተበደለው ወገን ያለው ርኅራኄ በኢትዮጵያ የአእምሮ ታሪክ ውስጥ አቻ የለውም። ሥርዓቱ ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ እየላላ ሄዷል። ከ1957 ዓ.ም. አስቀድሞ «አዞዎች» በመባል የታወቀ፣ አባሎቹ ራሳቸውን የሸሸጉ አንድ የግራ ክንፍ ቡድን በግቢው ውስጥ ተፈጥሮ ነበር። ሸንጎው በገሃድ ሲቀመጥ፣ የሚባለውና የሚወሰነው አስቀድሞ በስውር የተመከረበት የሆነበት ጊዜ አለ፤ በገሃዱ ጉባኤ ሌላ ሐሳብ ይዞ የተነሣው ተማሪ የሚሟገተው ከማን ጋር እንደ ሆነ አያውቅም ነበር። ለዘብ ያለ ነገር የተናገረ ሰው በፉጨት የሚወርድበት፣ አድርባይ የሚባልበት ልማድም ሥር ሰደደ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በራስ መኰንን አዳራሽ ሴት ተማሪዎች የልብስ ትርኢት ባዘጋጁ ጊዜ፣ ተቃዋሚዎቹ ክርክር ጠርተው ሐሳባቸውን ማስረዳት ሲችሉ፣ እኅቶቻቸውንና ተመልካቹን አዋርደውና አንገላተው በተኑ። ከዚያም ዩኒቨርሲቲው ለጊዜው ተዘጋ። የትርኢቱ ተቃዋሚዎች የባዕድ ባህልን መቃወማቸው እንደ ሆነ ተናግረዋል፤ እኔ ግን ያ ቀን ሸንጎው በገዛ እጁ የቆሰለበት ቀን ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ ድምፅ የመስጠት ሥርዓት ገና አልሞተም ነበር። ለ1961 ዓ.ም. በተደረገው የማኅበሩ የፕሬዚዳንትነት ምርጫ ጥላሁን ግዛው በመኰንን ቢሻው ተሸነፈ፤ ሽንፈቱንም ተቀብሎ ቆየና በሚቀጥለው ዓመት ተወዳድሮ አሸነፈ። ጥላሁን የልዕልት ሣራ ግዛው ወንድም ነበርና፣ ለቤተ መንግሥት በጋብቻ የቀረበ ቤተሰብ ልጅ በመንግሥቱ ላይ የተነሣውን ማኅበር ለመምራት መመረጡ የዘመኑን መናወጥ ያሳያል።

ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. በ«ትግል» ላይ የወጣው የዋለልኝ መኰንን ጽሑፍ ግቢውን ከሥሩ አናጋው። ዋለልኝ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ሲጽፍ፣ እስከዚያ ድረስ ሁሉም እያወቀ በአደባባይ የማይናገረውን፣ ማለትም የአንዱ ሕዝብ ቋንቋና ባህል የሁሉም ተደርጎ መወሰዱን፣ በስሙ ፈርሞ አወጣ። በመደምደሚያው የማይስማማ ሰው ብዙ ነበር፤ ዛሬም አለ። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ይህን ያህል ከባድ ጥያቄ ረጅምና ሰፊ ክርክር፣ የታሪክ ምሁራንን ምስክርነት፣ የተቃዋሚን መልስና የመልስ መልስ የሚሻ ሆኖ ሳለ፣ ለዚህ ሁሉ የተገኘው ጊዜ ስድስት ሳምንት ብቻ ሆነ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ ጥላሁን ግዛው በዩኒቨርሲቲው አቅራቢያ በጥይት ተገደለ። በማግሥቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ወደ ስድስት ኪሎ ግቢ ወስደው ለቀብር ሲሰናዱ፣ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ወደ ግቢው ገብተው ተኮሱ፤ ተማሪዎችም ሞቱ፣ ቆሰሉ፣ ታሰሩ።

ከዚያ በኋላ የገሃዱ ሸንጎ ሞተ ማለት ይቻላል፤ ክርክሩ ግን አልሞተም፣ ወደ ስውር ሄደ። በአገር ቤት በጥናት ክበብ፣ በውጭ አገር በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በተማሪዎች ማኅበራት ጉባኤ ቀጠለ። አስቀድሞ በ1960 ዓ.ም. በሐምቡርግ መኢሶን የተባለው ድርጅት ተመሥርቶ ነበር፤ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ በበርሊን ኋላ ኢሕአፓ የተባለው ድርጅት ተመሠረተ። በጥናት ክበብ ውስጥ ግን የሚቃወም ሰው አይቀመጥም፤ የሚገባው አስቀድሞ የተስማማው ነው፤ ስለዚህ እዚያ ያደገው ሐሳብ ከሌላ ሐሳብ ጋር ሳይፈተን ጠነከረ። ዋለልኝም ራሱ በኅዳር መጨረሻ 1965 ዓ.ም. ከማርታ መብራህቱና ከሌሎች ጓደኞቹ ጋር አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር በአየር ላይ ተገደለ። ብዕሩን ይዞ በአዳራሹ ሊሟገት ይችል የነበረ ወጣት ሽጉጥ ይዞ ሞተ፤ ለዚህም አዳራሹን የዘጋው እጅ ድርሻ አለበት።

የካቲት 1966 ዓ.ም. ሁሉንም ከፈተው። መንግሥት ያወጣውን የትምህርት ዘርፍ ጥናት የተቃወሙት መምህራን የካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ፤ ታክሲ ነጂው፣ ወታደሩ፣ ሠራተኛው ተከተለ፤ በዚያ የጸደይ ወራት ከዩኒቨርሲቲው እስከ መጠጥ ቤቱ አገሪቱ በሙሉ አንድ ሸንጎ የሆነች ያህል ነበር። ዘመኑን ያዩ ሰዎች ስለዚያ ጊዜ ሲናገሩ ፊታቸው የሚበራው በከንቱ አይደለም። ወታደራዊው ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ባወረደ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በመስከረም 1967 ዓ.ም.፣ ተማሪዎች ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም ብለው ሰልፍ ወጡ። መልሱ የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሆነ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር እንዲዘምቱ ተደረገ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ብዙ ዘማች በልቡ ደስ እያለው መሄዱ እውነት ነው፤ የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲታወጅ፣ ከዐሥር ዓመት በፊት በፓርላማ ደጅ ያስተጋባው ጩኸት ሕግ ሆኖ ነበርና። ዘማቹ ገበሬውን በማኅበር አደራጀ፣ ፊደል አስቆጠረ፣ ዐዋጁን በየቋንቋው አስረዳ። ነገር ግን በአንድ ግቢ ተሰብስቦ መንግሥትን ይጠይቅ የነበረው ተማሪ በአገሪቱ ላይ ተበትኖ፣ በወታደራዊ መንግሥት ላይ ጥያቄ የሚያነሣ ሸንጎ በዋና ከተማው አልቀረም።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ የክርክር በር ተከፍቶ ነበር። በ1968 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ «አብዮት መድረክ» በሚል ዓምድ፣ የኢሕአፓና የመኢሶን ሰዎች በብዕር ስም ሲሟገቱ አስነበበ። የጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥትን ነገር፣ የዴሞክራሲ መብትን ወሰን፣ የብሔረሰቦችን መብት እያነሡ የተከራከሩባቸው ጽሑፎች ዛሬም ሲነበቡ ጥራታቸው ያስደንቃል፤ የሁለቱም ወገን ሰዎች በአብዛኛው በአንድ ግቢ የተማሩ፣ በአንድ ማኅበር የታገሉ ነበሩ። ዓምዱ ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። በዓመቱ ወንድማማቾቹ በከተማው ጎዳና ይገዳደሉ ጀመር፤ ደርግ የቀይ ሽብርን ሰይፍ በሁሉም ላይ መዘዘ፤ ሚያዝያ 21 ቀን 1969 ዓ.ም. ሌሊት በአዲስ አበባ የተገደሉት ወጣቶችና ሕፃናት ሬሳ በየመንገዱ ተጥሎ አደረ። ስለዚያ ዘመን ብዙ የተጻፈ ስለ ሆነ አላስረዝመውም። ዩኒቨርሲቲው እንደ ገና ሲከፈት ማርክሲዝም የግዴታ ትምህርት ሆኖ ጠበቀው፤ ውይይት የሚባለው ነገር በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው በሳምንት በሳምንት ይደረግ ነበር፣ ነገር ግን ሁሉም የሚናገረው አስቀድሞ የታወቀውን ነበር።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ተስፋ ታየ፤ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች እንደ አሸን ፈሉ። ግን ገና በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የኤርትራን ሪፈረንደም ለመቃወም ሰልፍ ሲወጡ ጥይት ተተኰሰባቸው፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከአርባ በላይ መምህራን ከሥራ ተሰናበቱ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ29ኛውና በ30ኛው አንቀጽ ሐሳብን የመግለጽና የመሰብሰብን መብት ከቀድሞዎቹ ሁሉ አስፍቶ ጽፏል። ተማሪው ግን ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀው ትንሽ ነገር ነበር፤ በ1993 ዓ.ም. የጸጥታ ኃይል ከግቢ ይውጣልን፣ የታገደው ጋዜጣችን ይመለስ፣ ማኅበራችንን በነፃ እንምረጥ አለ። መጋቢት 30 ቀን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ ስለ ትምህርት ነፃነት ባዘጋጀው ውይይት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ለተማሪዎች ንግግር አደረጉ። ሚያዝያ 9 እና 10 ቀን በከተማው በተነሣው ሁከት ከሠላሳ የሚበልጡ ሰዎች ተገደሉ፣ በሺህ የሚቆጠሩም ታሰሩ፤ ሁለቱም ተናጋሪዎች ሁከቱን አነሣሥታችኋል ተብለው በወሩ መጨረሻ ተያዙ። ሁለት ምሁራን ስለ ትምህርት ነፃነት በመናገራቸው ወኅኒ መውረዳቸው፣ የውይይቱን አስፈላጊነት ከንግግራቸው ይልቅ አስረዳ።

በዚያን ዘመን ውይይት ከግቢ ወጥቶ ወደ ሆቴል አዳራሽ ተሰደደ። የማኅበራዊ ጥናት መድረክና የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ ባለሙያዎች ማኅበር በሚያዘጋጁት ስብሰባ ስለ ድኽነት፣ ስለ መሬት ይዞታ፣ ስለ አገሪቱ የወደፊት ዕድል ምሁራን ይነጋገሩ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በፊት ፓርቲዎች በቴሌቪዥን ሲከራከሩ ደግሞ፣ በዚህ በቆቃም ሆነ በሞጆና በመቂ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ሁሉ ጎረቤት ተሰብስቦ ሲያዳምጥ አመሸ። ምርጫው ካለፈ በኋላ የድምፅ ቆጠራው ክርክር ሲነሣ በስድስት ኪሎ የተሰለፉት ተማሪዎች ግንቦት 29 ቀን ተደበደቡ፣ ታሰሩ።

በእኛ በኩል ያለውም ነገር ከዚህ የተለየ አልነበረም። የኦሮሚያ ዋና ከተማ ወደ አዳማ መዛወሩን የተቃወሙ የኦሮሞ ተማሪዎች በ1996 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተባረሩት ብዙ ተማሪዎች መካከል ነበሩ። ዋና ከተማነቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ ጥያቄውን አንሥተው የተባረሩት ግን የትምህርት ዘመናቸው አልተመለሰላቸውም። በ1998 ዓ.ም. የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ አድጎ አዳማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ የእኛ የስምጥ ሸለቆ አካባቢም በአጠገቡ ግቢ አገኘ። የአዲስ አበባና የዙሪያዋን የተቀናጀ ማስተር ፕላን በመቃወም በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ከአምቦ ጀምሮ የኦሮሚያ ዩኒቨርሲቲዎች ሲነሡ የአዳማ ተማሪዎችም ተነሡ። ዕቅዱ የገበሬውን መሬት የሚነካ ስለ ነበረ፣ በመሬት ጥያቄ የተጀመረው የ1957ቱ ሸንጎ በልጅ ልጆቹ አፍ ዳግመኛ የተናገረ ያህል ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን ተማሪው በገበሬው ቋንቋ ተናገረ፣ ገበሬውም ሰምቶ ተከተለው። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ አገሪቱን አናወጠ፤ በጥርም ዕቅዱ ቀረ። ያ ሁሉ ደም ከመፍሰሱ በፊት፣ ዕቅዱ ገና በወረቀት ላይ ሳለ፣ በአምቦና በአዳማ አዳራሽ ለገበሬውና ለተማሪው ቀርቦ ሳይሸማቀቁ ቢነጋገሩበት ኖሮ ብዬ ሳስብ ኅሊናዬ አያርፍም።

ከ2010 ዓ.ም. የመንግሥት አመራር ለውጥ በኋላ መድረኩ በአንድ ጊዜ ሰፋ፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት «አዲስ ወግ» የተባለውን የውይይት መድረክ ጀመረ። በግቢዎች ውስጥ ግን የሚያሳዝን ነገር ሆነ። በ2012 ዓ.ም. በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በብሔር ጠብ ተገደሉ፣ ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎችም ታገቱ፤ በሌሎችም ግቢዎች ወጣቶች ከማደሪያቸው ሸሽተው በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ተጠለሉ። ሃምሳ ዓመት ያህል ግቢው መሣሪያ ከውጭ ሲመጣበት ኖሮ፣ በዚህ ጊዜ ተማሪ በተማሪ ላይ ዱላ አነሣ። ቀድሞ የተለያየ አገር ልጆች በአንድ ማዕድ ተቀምጠው እስከ እኩለ ሌሊት ይጨቃጨቁ የነበረውን፣ ጠብም ቢሆን ከቃል የማያልፈውን ያንን ማኅበራዊ ኑሮ ያጣነው በዚህ ዘመን ነው፤ ከሁሉም ኪሳራ ይህን እጅግ የከበደ አድርጌ እቈጥረዋለሁ።

በሰሜን ጦርነት ተነሥቶ አገሪቱ በደም ስትታጠብ ሳለ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የኢትዮጵያ ሀገራዊ ምክክር ኮሚሽንን በዐዋጅ ቁጥር 1265 አቋቋመ። ቀኑ የክብር ዘበኛ ወታደሮች በስድስት ኪሎ ግቢ በተማሪዎች ላይ በተኮሱ በሃምሳ ሁለተኛው ዓመት፣ በዚያው ዕለት ነበረ፤ ዐዋጁን ያጸደቁት ሰዎች ይህን አስበውት እንደማይሆን እገምታለሁ፣ ነገር ግን ዘመኑን የሚቈጥር ሰው ሳያስተውለው አያልፍም። ፕሮፌሰር መስፍን አርአያ የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ሆኑ። ኮሚሽኑም ከየክልሉ አጀንዳ ሲያሰባስብ የኦሮሚያው ጉባኤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአዳማ ተደረገ። ከክልሉ ዞኖች ሁሉ ገበሬዎች፣ ከብት አርቢዎች፣ ሴቶች፣ ወጣቶች፣ መምህራን፣ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ሰዎችም በሺህ ቁጥር ከቆቃ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ተሰብስበው በየቡድናቸው ተቀመጡና ችግራቸውን አስመዘገቡ። በክልሉ ጫካ ሆነው ከመንግሥት ጋር ውጊያ የቀጠሉት ታጣቂዎች አልተገኙም፤ ከእነርሱም መካከል በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. ሰልፍ ከወጡት ተማሪዎች ጋር የዕድሜ እኩያ የሆኑ ብዙዎች አሉ።